ኛሙት የተራ ጨዋታ ስትመርጥ

ከባሮ ድልድይ ወደ ገበያው በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ በሁለት የኒም ዛፎች መካከል፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። በሯ ላይ «ኛሙት ጌም ቤት» የሚል የእጅ ጽሑፍ ይነበባል። ባለቤቷ ኛሙት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ረጅም ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም፤ ስትሰማ ደግሞ አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ፣ የተናጋሪውን አፍ እያየች ነው። ይህን ቤት ከመክፈቷ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥባለች። በዕድሜዋ ስሟ በትክክል የተጻፈበት ነገር ቢኖር ያ በር ብቻ ነው፤ መታወቂያዋ ላይ እንኳ አንድ ፊደል ተሳስቷል።

እስካለፈው ጥር ድረስ በዚህች ክፍል ውስጥ ከኳስ በቀር ሌላ ጨዋታ አይታወቅም ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከዚያም በላይ ጩኸት። ኳስ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ በዚህ ኛሙትም አትከራከርም። ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ሰዓቱ አይቆምም። እጅህ ለአንድ አፍታ ከዘገየ ተቀድመሃል፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ጨዋታው እንዳልነበረ ይሆናል። ጋምቤላ ላይ መብራት ሲሄድ ለማንም ተናግሮ አይሄድም።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ለሁለት በሆነ ጨዋታ፣ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አንደኛው ተጫዋች ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ኳሷን መታ፤ መብራት ጠፋ። የመታው «ገብቷል» አለ። ሌላው «በረኛዬ ወደ ቀኝ ወድቆ ነበር፣ አይቻለሁ» አለ። በአፍ የተጀመረው ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ወንበር ሄደ። አንደኛው ቴሌቪዥን ተሰበረ፤ የአንዱ ቅንድብ ተተረተረ። እየተያያዙ ወደ ደጅ ሲወጡ የሁለቱም ዘመዶች በሩ ላይ ደርሰው ነበር። በዚህ ከተማ የሁለት ሰዎች ጠብ ደጅ ከወጣ የሁለት ሰዎች ሆኖ እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን ሽማግሌዎች መሃል ገብተው አበረዱት። ኛሙት ስብርባሪውን ጠርጋ በሩን ዘጋች።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አልማዜ መጡ። ወይዘሮ አልማዜ የሰፈሩ የሰላም ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ከደጋ መጥተው ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ያስተማሩ፣ ፈገግታቸውም ቁጣቸውም የመምህር የሆነ ሴት።

«ስሚ ኛሙት» አሉ ሳይቀመጡ። «እኔ ጌም አልጠላም። ሰው መጫወት አለበት። ግን ቅዳሜ የሆነውን አይቻለሁ። እስከ መጋቢት መጨረሻ እናይሻለን። በዚህ መሃል አንድ ጠብ ከዚህ በር ከወጣ ቤቱ ይዘጋል። ኮሚቴው ወስኗል።»

«እትዬ አልማዜ፣ ጠቡን ያመጣው እኮ መብራቱ ነው።»

«መብራቱን እኔም አንቺም አናስተካክለውም። ቤትሽን አስተካክይ።»

ኛሙት በዚያው ቀን ኳሱን ዘጋችው። ደንበኛው በሙሉ ወደ ሌላ ጌም ቤት ሲሄድ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩላት። አንደኛው ኦጅዋክ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣ የሚጭንና የሚያወርድ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ቀኑን የት እንደሚያሳልፈው የማያውቅ ሰው። ሁለተኛው ወንዳፍራሽ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ የሚሠራ የደጋ ሰው። ሰፈሩ ነጭ ጋውን የለበሰን ሁሉ «ዶክተር» ነውና የሚለው፣ እሱም ዶክተር ሆኗል። «ዶክተር አይደለሁም» ማለቱን አላቋረጠም፤ የሚሰማው ግን የለም።

«ኳሱን ካጠፋሽው ሬዲዮ ክፈችልን» አላት ኦጅዋክ።

«ሬዲዮ ለመስማት ማን እዚህ ድረስ ይመጣል?»

«እኔ። እኔ ድሮም ለወንበርሽ ነው የምመጣው።»

ወንዳፍራሽ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ተራ በተራ የሚጫወቱት ጨዋታ ለምን አትሞክሪም?» አለ። ዩኒቨርሲቲ እያለ ጀምሮ የሚጫወተው እንዲህ ያለውን እንደሆነ ነገራት። «አንዱ ያንቀሳቅሳል፤ ይጨርሳል፤ ከዚያ ጨዋታው ቀጥ ይላል። ሌላው እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ምንም አይሆንም። አንድ ሰዓት ቢያስብ አንድ ሰዓት ይጠብቀዋል። እንደ ገበጣ፣ እንደ ዳማ በይው፤ ግን ጦርም ከተማም መርከብም ያለው።»

«መብራት ቢሄድስ?»

«ብዙዎቹ አንድ ተራ ባለቀ ቁጥር ራሳቸው ይመዘግባሉ። መብራት ሲመለስ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው።»

ኛሙት አንገቷን ዘንበል አድርጋ አፉን አየችው። «እሱን ድገመው» አለች።

ወንዳፍራሽ በማግስቱ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕና አሥራ አንድ ጨዋታ ያለበት ፍላሽ ይዞላት መጣ። ላፕቶፑን ከተረፈው ቴሌቪዥን ጋር በገመድ አገናኙት። እሱ የሚወደውን ወዲያው ሊከፍትላት ነበር፤ ኛሙት ግን ደብተር አወጣች። ጥሩ ጨዋታ የሚባለው ለማን ጥሩ ሲሆን ነው? ለዶክተር ቤት ጥሩ የሆነ ለእኔ ቤት ላይሆን ይችላል ብላ አሰበች። ስለዚህ እያንዳንዱን ጨዋታ ሰዎች እንዲጫወቱት ታደርጋለች፤ እሷ ግን አትጫወትም፤ ስክሪኑንም አታይም። የምታየው ፊታቸውን ነው።

የመጀመሪያውን «የነገሥታቱ» አሉት። ከአንድ ጎጆ ተነስተህ አገር የምታቆምበት ጨዋታ ነው፤ ሥዕሉ ዓይን ይስባል፤ ወንዳፍራሽም ስለ እሱ ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል። እሱና ኦጅዋክ ሰባት ሰዓት ላይ ጀመሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኦጅዋክ ገና አንድ ጎተራ ሠርቶ ነበር።

«ዶክተር፣ እኔ ልጅ ወልጄ፣ ልጄ አድጎ ነው ይሄን ጨዋታ የሚጨርሰው።»

«ገና መጀመሪያው እኮ ነው። አሁን የመስኖ ትምህርት ትከፍታለህ።»

«የቱ ነው መስኖ?»

«እሱ፣ እንግሊዝኛው የተጻፈበት።»

«ሁሉም እንግሊዝኛ ተጽፎበታል።»

ተመልካች ሆነው የገቡ ሁለት ሰዎች ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ኛሙት «ይረዝማል፤ ማንበብ ይፈልጋል፤ ተመልካች ያስተኛል» ብላ ጻፈች። ነገር ግን በእነዚያ አራት ሰዓታት ውስጥ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል፤ አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። ሲመለስ ጎተራውም ጎጆውም በቦታው ነበር። ይህንንም ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። መንገዱ ትክክል ነበር፤ የቀረው ልኩን ማግኘት ነው።

ሁለተኛው «የወታደሮቹ» አጭር ነው፤ ሥዕሉም ራሱ ይናገራል። ኦጅዋክ ወታደሩን ጠላቱ አፍንጫ ሥር አቆመ። ስክሪኑ ላይ «95» የሚል ቁጥር ወጣ። ተኮሰ። ሳተ። ኦጅዋክ ከወንበሩ ተነሳ።

«ዘጠና አምስት ማለት ምን ማለት ነው ዶክተር?»

«ከመቶ ጊዜ ዘጠና አምስቱን ይመታል ማለት ነው።»

«አምስቱስ?»

«አምስቱን ይስታል።»

«አምስቱ ለምን እኔ ላይ?»

ነገሩ ያስቃል፤ ኛሙት ግን አልሳቀችም። የኦጅዋክ አንገት ላይ ያበጠውን ሥር አይታዋለች። የቅዳሜው ሰውዬም ፊት ልክ እንዲህ ነበር። እዚህ ላይ ያየችው ነገር ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚጨነቁበት ነው። ዕድል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመወሰንህ በፊት ይመጣል፤ ካርታ ሲታደል የደረሰህን አይተህ ታስባለህ። ሁለተኛው ከወሰንክ በኋላ ይመጣል፤ አስበህ፣ ለፍተህ፣ ትክክል ሠርተህ ስታበቃ ማሽኑ «አይ» ይልሃል። በመጀመሪያው የተሸነፈ ራሱን ይወቅሳል፤ በሁለተኛው የተሸነፈ ግን የሚወቅሰው ሰው ይፈልጋል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ደግሞ ቅርብ ነው። ኛሙት ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ጻፈችው፦ «ካሰቡ በኋላ ዕድል አይግባበት።»

ሦስተኛው ጨዋታ አገሩን በጭጋግ ይሸፍነዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ጦር እንጂ የሌላውን አያይም። በሁለት ስክሪን ቢሆን ጥሩ ነበር። በአንድ ስክሪን ግን አንዱ ሲጫወት ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር አለበት። ኦጅዋክ ፊቱን አዞረ፤ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳል ያዛቸው። ወንዳፍራሽ ወደ ግራ ሲያንቀሳቅስ አንድ ጊዜ ይስላሉ፤ ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅስ ሁለት ጊዜ።

«ላቦራቶሪ ይዤያችሁ ልሂድ?» አለ ወንዳፍራሽ ጆይስቲኩን አስቀምጦ። «አክታችሁን ልመርምረው።»

እንዲህ እያለ ዘጠኝ ጨዋታ ወደቀ። የካቲት ተጋመሰ፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫው ጀመር፤ የኛሙት ቤት ከምንጊዜውም የበለጠ ጭር አለ። ሳህን ያጠበችበት ሆቴል ባለቤት በዚያ ሲያልፍ «ቦታሽ አሁንም አለ» ብሏት ሄደ። በክፋት አልነበረም፤ ለዚህም ነው የበለጠ የከበዳት።

አሥረኛው ፍላሹ ግርጌ ላይ የተረሳ ነበር። ወንዳፍራሽ ከፍቶት እንኳ አያውቅም። ሲከፈት አንድ ወንዝና ሁለት ዳርቻ ታየ፤ በዚህ ዳር አምስት ቀይ ጀልባ፣ በዚያ ዳር አምስት ሰማያዊ ጀልባ።

«ይሄማ የልጆች ነው» አለ።

«ዝም ብለህ ተጫወት» አለችው ኛሙት።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ወንዙ በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ዘጠኝ በዘጠኝ። ጀልባዎችህን ወደ ማዶ አሻግረህ ካወረድክ አሸነፍክ። ትንሿ ጀልባ ሩቅ ትሄዳለች፤ ትልቋ ቀርፋፋ ናት፤ ግን መንገድ ትዘጋለች። ጨዋታው ሲጀመር ቋጥኝና አሸዋ ወንዙ ውስጥ በዘፈቀደ ይበተናሉ፤ ይህ ዕድል ነው፤ ሆኖም ለሁለቱም እኩል ነው፤ የሚመጣውም ማንም ገና ሳይወስን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድል የለም። የተደበቀ ነገርም የለም። ፊደል የለም። አንድ ጨዋታ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ተራ ሲያልቅ ራሱ ይመዘግባል። ደግሞም ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተራዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየመለሰ ያሳያል።

ኦጅዋክ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ። በሦስተኛው ኛሙት አንገቱን አየች። ሥሩ አላበጠም። ኦጅዋክ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ተራዎቹን ወደ ኋላ መለሰና ጣቱን አንድ ካሬ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ ነው የሞትኩት። ይቺን ትንሿን ባላስቸኩላት ኖሮ በዚህ በኩል እገባ ነበር። አይደለም ዶክተር?»

«ልክ ነህ። እኔም ፈርቼ ነበር።»

«ፈርተህ ነበር? እንደገና ክፈተው።»

ኛሙት ደብተሯን ዘጋች። የምትፈልገው ይሄ ነበር። የተሸነፈ ሰው የት እንደተሸነፈ በጣቱ ማሳየት ከቻለ አይጣላም፤ እንደገና መጫወት ነው የሚፈልገው። በሌላ ቤት የዓለም ምርጥ የተባለ ጨዋታ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ቤት፣ ለዚህ ወንዝ ዳር፣ ለዚህ መብራት ግን ምርጡ «ጀልባዋ» ናት።

በማግስቱ ጠዋት በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋ በሩ አጠገብ ሰቀለችው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ተራ ጨዋታ አለ።»

ማንም አልገባም። ሰዎች ያነባሉ፤ ፈገግ ይላሉ፤ ያልፋሉ። ከቢሮ ወጥተው ወደ ምሳ የሚሄዱ ሁለት የደጋ ጸሐፊዎች ቆም አሉና አንዷ «ተራውን ከሰቀለች ጥሩውን የት ደበቀችው?» ስትል ጓደኛዋ ሳቀች። ኛሙት ግራ ገባት። ከሰዓት በኋላ ወንዳፍራሽ ሲመጣ ካርቶኑን አየና ቆመ።

«ኛሙት፣ ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ። ምን ሆነ?»

«ተራ ማለት እኮ... ተራ ሰው፣ ተራ ዕቃ ሲባል አልሰማሽም? ርካሽ፣ እዚህ ግባ የማይባል ማለትም ነው።»

አልሰማችም። ኛሙት አማርኛ የተማረችው ቦኖ ውሃ ላይ ጀሪካን ይዛ ተሰልፋ፣ መናኸሪያ ላይ መኪና ጠብቃ ነው። በእነዚያ ቦታዎች ተራ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የሚጠብቀው፣ ሰው የሚጋፋበት፣ ሲደርስህ ደስ የሚልህ ነገር። ርካሽ ይሆናል ብላ በምን ታስበው? ኦጅዋክ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ሳለ እሷ ካርቶኑን አውርዳ በጀርባው አዲስ ጻፈች። በዚህኛው ማንም እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አስባበታለች፦ «ተራ እዚህ ይጠበቃል።»

በማግስቱ ጠዋት በሯን ስትከፍት ደጁ ላይ ሦስት ባጃጅ ተሰልፎ አገኘች። ረፋድ ላይ ሰባት ሆኑ። ከፊተኛው ባጃጅ ውስጥ ዱዎፕ ወረደ፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ድምፁ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሾፌር።

«ማሌ ኛሙት» ብሎ በኑዌርኛ ሰላም አላት። «ተራ አስከባሪው ማነው?»

«የምን ተራ?»

«የባጃጅ ተራ ነዋ። የድሮው ተራችን ለመንገድ ሥራ ተቆፍሯል። እዚህ ይጠበቃል ብለሽ ጽፈሻል፤ መጣን።»

ኛሙት ካርቶኑን አየች፤ ሰባቱን ባጃጆች አየች። ኦጅዋክ በሳቅ ከወንበሩ ላይ ወደ መሬት ሊወርድ ምንም አልቀረውም።

«እሷ የጻፈችው የጌም ተራ ነው» አላቸው በመጨረሻ እንባውን እየጠረገ።

«የጌም?» አለ ዱዎፕ። ወደ ኋላው ዞሮ ለሾፌሮቹ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ እነሱም ሳቁ። ከዚያ ቤቷን፣ ጥላዋን፣ የምትዞረውን ቬንትሌተር አየና «እሺ፤ እዚህ ከተሰለፍን ተሰልፈናል። ጌሙን አሳዪን» አለ።

ትልቁ ነገር የተከፈተው በዚህ ስህተት ነው። የባጃጅ ሾፌር ቀን ምን እንደሚመስል አስቡት። ሃያ ደቂቃ ወረፋ ይጠብቃል፤ ድንገት ተሳፋሪ ይመጣል፤ ኒውላንድ ሰፈር ድረስ ይሄዳል፤ ተመልሶ ከወረፋው ጫፍ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሰው ኳስ መጫወት አይችልም፤ ኳሱ አይጠብቀውም። ጀልባዋ ግን ትጠብቀዋለች። ዱዎፕ አንድ ጀልባ ያንቀሳቅሳል፤ ተሳፋሪ ይጠራዋል፤ «እስክመጣ አስብበት» ብሎ ይነሳል። ባላጋራውም በእውነት ያስብበታል። ዱዎፕ ደግሞ መንገዱን ሙሉ፣ ድልድዩን እያቋረጠ፣ ከኋላው ሁለት ሴቶችና አንድ ከረጢት ዓሣ ጭኖ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ዘጠኝ በዘጠኝ ወንዝ ይዞ ይነዳል። ሲመለስ ባጃጁን ሳያጠፋ በበሩ አንገቱን ያስገባና «ትልቋን ወደ ግራ፣ ሁለት ካሬ» ብሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ጨዋታ በግማሽ ሰዓት ፈንታ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የሚቸኩል ግን የለም። የካቲት ሲያልቅ ወንበር አነሰ። መጋቢት ሲጋመስ ኛሙት ግድግዳው ላይ አሥራ ስድስት ስም ጽፋ ውድድር ጀመረች።

የመጨረሻው ግጥሚያ መጋቢት ሃያ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነ። ዱዎፕ ከኦጅዋክ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ወይዘሮ አልማዜ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትለው መጡና በሩ አጠገብ ቆሙ። አንደኛው አባል ወረቀትና ብዕር ይዟል። ኛሙት ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ኦጅዋክ፣ የሻንጣ ተሸካሚ ጀልባ እንደዚህ ነው የምትሄደው?» አለ ዱዎፕ። «ማንን ተሸክማ ነው የምትንቀራፈፈው?»

«አንተን ነዋ። ወደ ማዶ ወስጄ ልጥልህ ነው።»

አሥራ ስምንተኛው ተራ ላይ፣ የዱዎፕ ጣት አዝራሩ ላይ እንዳለ፣ መብራት ጠፋ።

ቬንትሌተሯ እየቀዘቀዘች ቆመች። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ወይዘሮ አልማዜ ዞረ። ወይዘሮ አልማዜ ደግሞ ወንበሮቹን ያዩ ነበር።

«ማን ቆርኪ አለው?» አለ ዱዎፕ።

ወደ ኒሙ ጥላ ወጡ። አንዱ ሾፌር በብረት አፈሩ ላይ ዘጠኝ በዘጠኝ አሰመረ፤ ጠጠሩ ቋጥኝ፣ ቆርኪው ጀልባ ሆነ። ሁሉንም ከደረደሩ በኋላ አንዲት ቀይ ጀልባ ቀረች።

«ሦስተኛው መስመር ላይ ናት» አለ ዱዎፕ።

«አራተኛው ላይ» አለ ኦጅዋክ።

«ኧረ ሦስተኛው ላይ። የራሴን ጀልባ አላውቅም?»

«የራስህን ባጃጅ እንኳ የት እንዳቆምክ አታውቅም። አራተኛው ላይ ናት አልኩህ።»

«ሰውዬ፣ ሦስተኛው!» ዱዎፕ ተነሳ። ኦጅዋክም ተነሳ። ከኋላቸው ያለውም ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ ሦስት የሚልና አራት የሚል ድምፅ ተደበላለቀ። ወይዘሮ አልማዜ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ። ብዕሩን የያዘው ሰው ክዳኑን ነቀለ።

ኛሙት በሁለቱ መካከል ገብታ ቁጢጥ አለች። ቆርኪውን አነሳችና በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል፣ መስመሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ማሽኑ ያውቀዋል» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እናንተ ለምን ትለፋላችሁ? መብራት ሲመጣ ይናገራል። እስከዚያ በሦስትም አስቡ፣ በአራትም አስቡ።»

ዱዎፕ ቆርኪውን አየ። «በሁለቱም ላስብ?»

«ከቻልክ» አለ ኦጅዋክ።

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ሁለቱም ተመልሰው ተቀመጡ። የዚያ የጥር ቅዳሜ ኳስ መግባት አለመግባት ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ነገር ነበር፤ የጀልባዋ ቦታ ግን ተመዝግቦ ተቀምጧል። ሰው እውነቱ እንደሚመጣ ካወቀ መጠበቅ ይችላል። ዱዎፕ እንዲያውም ተሳፋሪ መጥቶለት ወደ ገበያ ደርሶ ተመለሰ።

መብራት የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሁሉም ተጋፍተው ገቡ። ላፕቶፑ ተነሳ፤ ወንዙ ታየ፤ ቀይዋ ጀልባ አራተኛው መስመር ላይ ነበረች።

ዱዎፕ መስመሮቹን በጣቱ ቆጠረ። «እሺ፣ አራት» አለ። «አንድ ሰዓት ሙሉ በሦስት ነው ያሰብኩት።»

ከዚያ በኋላ ስድስት ተራ ብቻ ነው የቆየው። ኦጅዋክ የመጨረሻ ጀልባውን ማዶ ሲያወርድ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዱዎፕ እጁን ጨበጠውና ወዲያው ወደ ስክሪኑ ዞሮ ተራዎቹን ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ወይዘሮ አልማዜ ሳያውቁት ትከሻው ድረስ ቀርበው ነበር።

«ምን እየፈለግህ ነው?» አሉት።

«የሞትኩበትን ቦታ። ይኸው፣ እዚህ ጋ። መንገዱን ራሴ ከፈትኩለት።»

«በዚች በትልቋ ለምን አልዘጋህበትም?»

ዱዎፕ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ወይዘሮ አልማዜ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ወንዳፍራሽ ከጎናቸው አዲስ ጨዋታ ከፈተላቸው።

«እትዬ አልማዜ፣ ያንተ ተራ ነው» አላቸው ዱዎፕ በትሕትና።

«የርስዎ ነው የሚባለው» አለው አንዱ።

«የማንም ይሁን፣ ዝም በሉኝ፤ እያሰብኩ ነው» አሉ ወይዘሮ አልማዜ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ብዕር ወደያዘው ሰው ዞሩ። «ቤቱ ሥራውን ይቀጥላል ብለህ ጻፍ። ጠብ የለበትም በል። እኔ አይቻለሁ።»

ሰውዬው ጻፈ። ኛሙት የጻፈውን ከትከሻው በላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አነበበችው።

ውጪ ባጃጆቹ ተነስተው ነበር። ሾፌሮቹ ኦጅዋክን አንስተው ፊተኛው ባጃጅ ጣሪያ ላይ ሊያስቀምጡት ይታገላሉ፤ እሱ «ሻንጣ አይደለሁም፣ ቀስ» ይላቸዋል። እንደ ሙሽራ አጅበውት ድልድዩን ሊሻገሩ ነው። ዱዎፕ በበሩ ብቅ ብሎ «ኛሙት፣ ነይ፣ አንቺ ነሽ ከፊት የምትሆኚው» አላት።

«ቤቱን ማን ይጠብቅልኛል?»

«እኔ አለሁ» አሉ ወይዘሮ አልማዜ፤ ጣታቸው አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ላይ ነበር። «ሂጂ። ሳልጨርስ ግን እንዳትመለሺ።»

ኛሙት ወጣች። ሰባት ባጃጅ በአንድነት ጥሩንባውን እየነፋ ተነሳ፤ የዓሣ ነጋዴዎቹ ቀና ብለው አዩ፤ ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ማን እንዳገባ ተጠያየቁ። ድልድዩ መሃል ላይ ሲደርሱ ኛሙት ከፊተኛው ባጃጅ አንገቷን አውጥታ፣ ከሥሯ የሚፈሰውን ባሮን እያየች፣ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት በሙሉ ድምፅዋ እልል አለች።